ከአዳማ ሆኖ የዘር ሐረግን ለመፈለግ፦ የቆጠራ መዝገብ፣ የቀበሌ ቅጽ፣ የእድር ደብተር፣ የፍርድ ቤት ማኅደር ወይስ የሽማግሌ ቃል?

አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አንድ ምሽት ደወለና የባለቤቱ ቤተሰቦች የቅድመ አያታቸውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያና የመንደር አድራሻ ከመቶ ዓመት በፊት ከተደረገ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ እንዳገኙ ነገረኝ፤ ቀጥሎም «አንተ እዚያው አዳማ ነህ፤ የእኛንም አያት እስቲ ከቆጠራው ላይ ፈልግልን» አለኝ። ነገሩ የሁለት ሳምንት ሥራ መስሎኝ ተቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት የተረዳሁት ግን በእኛ አገር ቆጠራ አያት የሚፈለግበት በር አለመሆኑን ነው። ይልቁንም ማንም ለታሪክ ብሎ ያልጻፋቸው፣ ገንዘብና መብት ስላለባቸው ብቻ ተጠንቅቀው የተያዙ ወረቀቶች ከቆጠራው አብልጠው ይናገራሉ። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነጻጽረው በሦስት መለኪያ ነው፤ ስንት ትውልድ ወደ ኋላ ይወስዳሉ፣ ምን ያህል ይታመናሉ፣ አንድ ተራ ሰውስ ደጃቸውን አንኳክቶ መግባት ይችላል ወይ?

የሕዝብ ቆጠራ

በመጀመሪያ የውጭው ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ከ1790 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ቅጽም ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል። በዚህ ደንብ መሠረት የ1950ው ቆጠራ የተከፈተው በ2022 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግሊዝ ደግሞ መቶ ዓመት ትጠብቃለች። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ሚስት ያየችው ወረቀት ቆጣሪው በእጁ የሞላው፣ ስም ያለበት ቅጽ ነው።

ኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በግንቦት 1976፣ በጥቅምት 1987 እና በግንቦት 1999 ዓ.ም.። የመጀመሪያው በጸጥታ ምክንያት ሁሉንም አካባቢ አላዳረሰም፤ ሦስተኛው በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የተካሄደው ዘግይቶ በኅዳር 2000 ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ከ1976 በፊት ያረፈ ሰው፣ ማለትም አብዛኞቻችን የምንፈልጋቸው ቅድመ አያቶች፣ በየትኛውም አገር አቀፍ ቆጠራ ውስጥ የሉም። በሕይወት የነበሩትም ቢሆኑ ቆጣሪው የቤተሰቡን አባላት ከቤቱ ኃላፊ ጋር ካላቸው ዝምድና ጋር ቢመዘግብም የግለሰብ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ለሕዝብ የሚያወጣው ድምሩን ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ ድምሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አዳማ በ1987 ቆጠራ 127,842፣ በ1999 ደግሞ 220,212 ሕዝብ ነበራት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ካደገች ከተማ ነዋሪ መካከል ወላጆቹ ሌላ ቦታ የተወለዱ ሰው መብዛቱ አያስገርምም። የቆጠራው ጥራዞች ሰው ቀድሞ የት ይኖር እንደነበር፣ በምን ቋንቋ አፉን እንደፈታ፣ ምን ሃይማኖት እንዳለው በየከተማው ዘርዝረው ያሳያሉ። አያትን አያገኙልንም፤ አያት የገባበትን ከተማ ግን ያሳዩናል። ለቤተሰብ ታሪክ መግቢያ የሚጽፍ ሰው ይጠቀምባቸው፤ ስም የሚፈልግ ሰው ጊዜውን አያጥፋ።

የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ

ብዙ ሰው «ቆጠራ» ሲል በልቡ ያለው ይህ ነው። ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ፤ ለየቤቱ ቁጥር ተሰጠ፤ በየቤቱ የሚኖረውም ሰው በቅጽ ተመዘገበ። ቅጹ የአባወራውን ስም እስከ አያት፣ የሚስቱን ስም፣ የልጆችን ስምና ዕድሜ፣ አንዳንዴም የትውልድ ቦታን ይይዛል። ትውልድ የሚቆጥር ሰው ይህን ሲያገኝ ደስታው ወሰን የለውም፤ ከ1967 በኋላ ለነበሩት ሰዎች ከዚህ የተሻለ የመንግሥት ወረቀት የለምና።

ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። ቀበሌዎች ተዋህደዋል፣ ቁጥራቸው ተቀያይሯል፣ ወረቀቱም አብሮ ተዛውሯል። እኔ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ አመላልሶኝ በመጨረሻ ወደ አንድ መጋዘን አስገቡኝ፤ ጣሪያው ያፈስስ ስለነበር የ1970ዎቹ ማኅደሮች እንደ እንጀራ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ አንዱን ገጽ ከሌላው ለመለየት የሞከረው ሠራተኛ ጽሑፉ ከወረቀቱ ተላቅቆ ጣቱ ላይ ሲቀር አየና «ተወው ወንድሜ» አለኝ። ሌላ ሰው ሌላ ቀበሌ ሄዶ በአንድ ቀን ቅጂ አግኝቶ ይመለሳል። ይህ አማራጭ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ሙከራው ግን ርካሽ ስለሆነ መዝለል አይገባም። ሲሄዱ የድሮውን ቀበሌና የድሮውን የቤት ቁጥር ይዞ መሄድ ግድ ነው። ቁጥሩ ከአሮጌ የመብራት ወይም የውኃ ሒሳብ ደረሰኝ፣ አለዚያም በቤቱ በር ላይ ዝጎ ከቀረው ቆርቆሮ ላይ ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። ወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንደ ሥርዓት የተጀመረው ከ2008 መጨረሻ ወዲህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ ያው ሕግ ራሱ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ የሚውልበትን ጊዜ ለሌላ ትእዛዝ ተወው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በማዘጋጃ ቤት የተሰጡ የልደት ማስረጃዎች አብዛኛዎቹ ሰውየው ካደገ በኋላ፣ ለፓስፖርት ወይም ለሥራ ሲፈልገው፣ በራሱ ወይም በምስክሮች ቃል የተሠሩ ናቸው። ማኅተማቸው ያማረ ቢሆንም እምነታቸው ከተናጋሪው ቃል አይበልጥም።

የእድር ደብተር

ቀድሜ መምጣት የነበረብኝ እዚህ ነበር፤ ማንም ስላልመከረኝ ግን መጨረሻ ላይ መጣሁ። አዳማ የባቡር ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በዚችው በኩል አልፎ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ጣቢያው ዙሪያ ሲሰፍር ቀባሪ ዘመድ ስላልነበረው እድር አቆመ። እድር ደግሞ ገንዘብ የሚወጣበት ማኅበር ስለሆነ ዝምድናን እንደ ፍርድ ቤት ያጣራል። አባሉ «ወንድሜ ሞተ» ብሎ የእርዳታ ገንዘብ ሲጠይቅ ጸሐፊው ያ ሰው በእርግጥ ወንድሙ መሆኑን፣ የአንድ አባት ወይም የአንድ እናት ልጅ መሆኑን፣ የት አገር እንደሞተ ይጠይቃል፤ ጎረቤትም ይመሰክራል። ዝም ብሎ ቢጽፍ ገንዘብ ያዡ ይጠይቀዋልና።

የአያቴን እድር ደብተር ያገኘሁት በቀድሞው ጸሐፊ ልጅ ቤት፣ ከብፌ በታች ነው። ረጅም የሒሳብ ደብተር ነው፤ ጀርባው በጥቁር ጨርቅ ተለብጧል፤ ገጾቹ በእርሳስ ተሰምረው ስም፣ የመግቢያ ዓመት፣ የወር መዋጮ የሚሉ ዓምዶች ተለይተዋል። የሞተ አባል በቀይ ቀለም ተሰርዞ በጎኑ «ተቀንሷል» ተብሎ ተጽፏል። የአያቴ ስም በ1958 የገባ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ገጽ ግርጌ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት «ለወንድሙ ለቅሶ፣ መንዝ፣ ተከፍሏል» የሚል አንድ መሥመር አለ። ከዚያ ቀጥሎ የወንድሙ ሙሉ ስም እስከ አያት ተመዝግቧል። አያቴ ወንድም እንደነበረው እንኳ በቤታችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያቺ አንዲት መሥመር ወንድሙን ብቻ ሳይሆን የቅድመ አያቴን አባት ስምና አገሩንም ሰጠችኝ።

የሦስት ስም ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን የውጭ አገር የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ሲቸገሩብን ይታያል፤ እንደ እውነቱ ግን እያንዳንዱ ሙሉ ስም በራሱ የሦስት ትውልድ ሰነድ ነው። የአያትን ሙሉ ስም እስከ አያቱ ያገኘ ሰው በአንድ ወረቀት አምስተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። ስለዚህ በየትኛውም መዝገብ ሲፈለግ በመጀመሪያ መታደን ያለበት የአያት ስም የተጻፈበት ገጽ ነው።

የእድር ደብተር ድክመት አለው። ሴቶች ብዙ ጊዜ በባላቸው ስም ተጠቅልለው ይቀራሉ፤ የተበተነ እድር ደብተር ደግሞ ጸሐፊው ሲሞት አብሮ ይጠፋል። በአሮጌ ሰፈሮች፣ በተለይ በባቡር ጣቢያው አካባቢ፣ የሚኖር ሰው ግን ሌላ ቢሮ ከመሄዱ በፊት የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያነጋግር አይቆጭም። የሴቶች እድር ካለ ደግሞ የአያትና የቅድመ አያት እናቶች ስም የሚገኘው እዚያ ነው።

የፍርድ ቤት ማኅደር

ገንዘብ ያለበት ሌላው ወረቀት የውርስ መዝገብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ወራሽ ነኝ ባይ የወራሽነት ማስረጃ ለማግኘት ለፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ሟቹ መቼና የት እንዳረፈ፣ ስንት ልጅ እንደነበረው፣ ከልጆቹ የሞተ ካለ የእርሱ ልጆች እነማን እንደሆኑ ይዘረዝራል፤ ምስክሮችም ቃላቸውን ይሰጣሉ። ተቃዋሚ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያምራል፤ የሌላ እናት ልጅ፣ ያልታወቀ ልጅ፣ ከአገር የወጣች ሚስት፣ በቤተሰብ ዘንድ ለሠላሳ ዓመት የተሸሸገው ሁሉ በምስክር ቃል ወረቀት ላይ ይፈሳል። ሙስሊም ቤተሰብ ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ጨርሶ ከሆነም መዝገቡ እዚያ ይገኛል፤ በጋብቻና በውርስ በኩል የዝምድና አጻጻፉ ጥንቁቅ ነው።

መታመኑን በተመለከተ ከሁሉም በላይ ይህን አስቀድማለሁ፤ በመሐላ የተነገረና ሌላው ወገን ሊቃወመው ይችል የነበረ ቃል ስለሆነ። ደጁ ግን ጠባብ ነው። መዝገብ ቤት የሚጠይቀው የመዝገብ ቁጥር ነው፤ እርሱ ከሌለ የአመልካቹን ስምና ዓመቱን። በእጅ ያለ የውሳኔ ግልባጭ ካለ ከላዩ ቁጥሩ ስለሚገኝ በመጀመሪያ ቤት ያለውን የብረት ሣጥን መፈተሽ ያስፈልጋል። ከቤት ሽያጭ ወይም ከስመ ንብረት ዝውውር ጋር የተያያዘ ማኅደር ካለም የወራሽነት ውሳኔው ቅጂ በዚያ ውስጥ ይገኛል። የባለጉዳዩ ወራሽ ያልሆነ ሰው መዝገቡን ለማየት ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።

የቋንቋውም ነገር አለ። በአዳማ የቆዩት መዝገቦች በአማርኛ፣ ኋለኞቹ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የተጻፉ ናቸው። አንድ ሰው በሁለቱም ስለሚገኝ የስም ዝርዝር የሚገልጥ ሰው ፊደሉን ማወቅ አለበት። ጫላ በቁቤ የሚጻፈው በላቲኑ «ሲ» ጀምሮ ነው፤ «ጠ» በ«ኤክስ»፣ «ቀ» በ«ኪው» ስለሚወከሉ ጣሰውን በ«ቲ» ሥር የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በአማርኛውም ቢሆን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ፤ ኃይሉ በሦስቱም «ሀ» ሊገኝ ይችላል።

የክርስትና መዝገብና የሥራ ቦታ ማኅደር

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሁሉን የሚያገኝ ይመስለዋል። መዝገብ ያለው ደብር አለ፤ የሌለውም ብዙ ነው። ያለውም የሚይዘው የክርስትና ስምን ስለሆነ አያትን በዓለም ስሙ ብቻ የሚያውቅ ፈላጊ ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም በበዙበት ገጽ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የክርስትና ስሙን ከቤተሰብ፣ አለዚያም የፍትሐትና የተዝካር ነገር ከያዘ ሰው ጠይቆ መሄድ ይሻላል። ካቶሊክ ለሆኑ ቤተሰቦች ነገሩ ይቀላል፤ የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ወላጆችንና የክርስትና አባትን ይይዛል፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም በኅዳጉ ይታከላል።

አዳማና አካባቢዋ ላይ ሌላ ሀብት አለ፤ ምድር ባቡርና ወንጂ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው ሲሆን በ1946 ማምረት ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም አገር ብዙ ሠራተኛ ስቧል። የሠራተኛ ማኅደር የትውልድ ቦታን፣ የጡረታ ማኅደር ደግሞ ሚስትንና ልጆችን፣ አንዳንዴም በሠራተኛው የሚረዱ ወላጆችን ይይዛል፤ ምክንያቱ ያው ገንዘብ ነው፣ ሟች ጡረተኛ ትቶት የሚሄደው ለማን እንደሚከፈል መታወቅ አለበት። የባቡሩ ወረቀት በፈረንሳይኛ ስለተጻፈ ስሞች በፈረንሳይ ጆሮ የተሰሙ ናቸው፤ «ቸ» የምትባል አንዲት ፊደል ሦስት የላቲን ፊደላት ትበላለች። አያቱ ጡረተኛ የነበረ ሰው የጡረታ ደብተሩን ቁጥር ከያዘ ይህ መንገድ ከቀበሌው ይሻለዋል፤ ቁጥሩን ካልያዘ ግን አልመክርም።

ቅድመ አያቱ ጣሊያናዊ የሆነ የአዳማ ሰው ካለ ለብቻው አንድ ቃል ልንገረው። ጣሊያን ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በየኮሙኔው፣ ማለትም በየማዘጋጃ ቤቱ፣ ትመዘግባለች፤ «አንቴናቲ» የሚባለው የጣሊያን መንግሥት ቤተ መዛግብት ድረ ገጽም የብዙዎቹን ምስል በነጻ ያሳያል። የሚያስፈልገው የኮሙኔው ስም ብቻ ነው። ይህ ወገን ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ይጨርሳል።

የገጠር ርስት ያለው ሰው ደግሞ የግብር ደረሰኝን አይናቅ። ከነጻነት በኋላ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በጋሻ ሲገበርበት፣ ግብሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሞተው አያት ስም ነበር፤ ልጅ ወደ ራሱ ስም ለማዛወር አይቸኩልም ነበርና። የ1960ዎቹ ደረሰኝ ላይ የሰፈረ ስም የከፋዩ ላይሆን ይችላል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው አባት ሊሆን ይችላል። አያታቸው ሹመት ወይም የመንግሥት ሥራ የነበራቸው ሰዎች አዲስ አበባ ወደሚገኘው፣ በ1936 ወደተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወደ ወመዘክር፣ መሄድ ይችላሉ፤ ሲሄዱ የድሮውን የአስተዳደር አጠራር ይያዙ፤ አዳማ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ናዝሬት ናት፣ የየረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ።

የሽማግሌ ቃል

ከወረቀቱ ሁሉ ወደ ኋላ ርቆ የሚሄደው ይህ ነው። በሰሜኑ ባህል ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያለ የሚወርድ ሰው ዛሬም አይጠፋም። የኦሮሞ ሽማግሌ ደግሞ ጎሳውንና ባልባላውን (የጎሳውን ንዑስ ክፍል) ለይቶ አባት በአባት ይደረድረዋል፤ ብዙ ጊዜም ከሰባት ያልፋል። ከዚህም በላይ ገዳ አለው፤ አንድ ገዳ ስምንት ዓመት ስለሆነ «እገሌ አባ ገዳ በነበረበት ጊዜ ተወለደ» የሚል ቃል ወደ ዓመት ሊቀየር ይችላል። የእናቴ ወገን በወለንጪቲ በኩል በመሆኑ ይህን በዓይኔ አየሁት፤ የአባቴ ወገን አምስተኛው ላይ ሲቆም የእናቴ አጎት ቡናውን ሳያስቀምጥ አሥራ አንደኛው አባት ላይ ደረሰ።

የቃል ዋና ጉድለቱ መታጠፍ ነው፤ ታዋቂ ያልሆኑ አባቶች ከመካከል ይዘለሉና ሁለት ስመ ጥር ሰዎች አባትና ልጅ ሆነው ይቀራሉ። ሁለተኛው ጉድለት ሴቶችን መርሳቱ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሐረግ ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ሰዎችን መጠየቅ፣ ከእነርሱም አንዷ ሴት እንድትሆን ማድረግ ተገቢ ነው፤ አያቶቻችን ወንዶች ያልነገሩንን ስንት ነገር አክስቶች ያውቃሉ!

አጠያየቁም ያስተምራል። አክስቴን «እትዬ፣ የአያትሽ አባት ማን ይባሉ ነበር?» ስላት «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ» አለችኝ። በሌላ ቀን ፎቶ ይዤ «እትዬ፣ ያኔ መንዝ ለቅሶ ስትሄዱ ማን ቤት ነበር የምታርፉት?» ብዬ ስጠይቃት ሰውየውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ቤቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች እንደሆነ ሳታቋርጥ ነገረችኝ። ሐዘን፣ ሠርግ፣ ጠብ፣ ውርስ፣ እነዚህን ጠይቆ ስም መልቀም ይሻላል።

ዕድሜን ለማጣራት ደግሞ ቃልና ወረቀት መጋጨት አለባቸው። አያቴ በ1969 በተሞላ አንድ ቅጽ ላይ 60 ዓመት ተብሏል፤ ይህ በ1909 ተወለደ ማለት ነው። አክስቴ ግን «ማይጨው ሲዘመት ከብት ጠባቂ ነበር» ትላለች። ማይጨው 1928 ነው፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆን የተወለደው ከ1916 እስከ 1920 ባለው ጊዜ ነው። እኔ አክስቴን አመንኩ፤ ቅጹ ላይ ያለው ክብ ቁጥር ነውና፤ ዕድሜን በዜሮና በአምስት የማጠጋጋት ልማድ በቆጠራዎቻችን ሳይቀር ጎልቶ ይታያል። የአድዋ ዘመቻ በ1888፣ የኅዳር በሽታ በ1911፣ የታኅሣሥ ግርግር በ1953፣ የመሬት አዋጅ በ1967፣ እያንዳንዳቸው ልደትን ወይም ሠርግን ለመቸንከር ከማንኛውም «ዕድሜ 50» የተሻሉ ናቸው።

የዘረመል ምርመራ

ዳያስፖራው በብዛት የሚጠይቀኝ ስለዚህ ነው። ከአንድ ቅድመ አያት የሚደርሰን ዘረመል በአማካይ 12.5 በመቶ ነው፤ በየትውልዱም ይከፈላል። ውጤቱ ስም አይሰጥም፤ የሚሰጠው አስቀድሞ ከተመረመሩ ሰዎች ጋር ያለንን ዝምድና ነው፤ በዚያ ክምችት ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ጥቂት ነው። ውጭ አገር የጠፋ ወንድም ወይም የማይታወቅ አባት ለሚፈልግ ሰው ምትክ የሌለው መሣሪያ ነው፤ ሐረግ ለመቁጠር ግን አያገለግልም። ደግሞም በጉዲፈቻ ያደገ ወይም በሞጋሳ ሥርዓት ወደ ጎሳ የገባ ሰው፣ በሰሜኑም የጡት ልጅ የሆነ፣ በምርመራው ባዕድ፣ በሽማግሌው ቃል ግን የቤት ልጅ ነው። ሽማግሌው አልዋሸም፤ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው።

ማን የቱን ይምረጥ?

አያቶቹ በአዳማ ከተማ የኖሩና እዚያው ያረፉ ሰው እድሩን ያስቀድም፤ ቀጥሎ የቀበሌ ቅጹን ይሞክር። ቤት ወይም ቦታ የተከፋፈለበት ቤተሰብ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ በቤቱ ውስጥ ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ማኅደሩ ወፍራም ነው። የወንጂና የባቡር ልጆች ጡረታውን ይያዙ። ከሦስተኛው አያት ማለፍ የሚፈልግ ሁሉ ሽማግሌ ከመጠየቅ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ይህም ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም፤ የፍርድ ቤት ማኅደር ዓመት ቢቆይ ይጠብቃል፣ የእናቴ አጎት ግን ሰማንያውን አልፏል። የሕዝብ ቆጠራ ጥራዙን ሁሉም ሰው በመጨረሻ ይክፈተው።

ለአጎቴ ልጅ የላክሁለት ወረቀት በአባት በኩል አምስት ስም፣ በእናቴ በኩል አሥራ አንድ አለው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከየት እንዳገኘሁት በእርሳስ ጽፌያለሁ፤ «እድር፣ 1958»፣ «አክስት፣ በቃል»፣ «ቅጽ፣ ዕድሜው አይታመንም»። በአባቴ በኩል አራተኛው ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ስም ስለሰጡኝ ሁለቱንም ጎን ለጎን ትቻቸዋለሁ፤ አንዱ የክርስትና፣ ሌላው የዓለም ስም ይሆናል ብዬ ስለምጠረጥር ለጥምቀት መንዝ ወርጄ ደብሩን እጠይቃለሁ።